ስለ መመገቢያ ዕቃዎች ጥቂት ነገር

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ዘመዴ ሊጠይቀኝ ወደ ቤቴ መጣ። ትምህርቱን ጨርሶ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ባንዱ ከተቀጠረ ገና ዓመት አልሞላውም። እንደ ልማዱ ስለ ሥራው፥ ስለ ደመወዙ፥ ስለ ቤት ኪራይም መወደድ ሲያጫውተኝ ከቈየ በኋላ ከኪሱ አንድ ወፍራም ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ካርዱ የእራት ጥሪ ነበር። ከውጭ አገር የመጡ እንግዶች ስላሉ አለቃው እርሱንም ከተጋባዦቹ ጋራ ጨምረውታል።

«ታዲያ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለምን?» አልሁት።

«ጋሼ፥ ደስታው ቀርቶብኝ ባልተጠራሁ ነው የምለው» አለኝ። «በተማሪነቴ ጊዜ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ግብዣ ላይ ተቀምጬ ነበር። በሳህኑ ግራና ቀኝ የተደረደረውን ብረት ባየሁ ጊዜ ከየትኛው እንደምጀምር ጠፋኝ። ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ሆዴን አሞኛል ብዬ ዳቦ ብቻ ቈርሼ፥ እንደ ተራብሁ ወደ ማደሪያዬ ተመለስሁ። እርስዎ ምን ይመክሩኛል? አሁንም አሞኛል ብዬ ብቀር ይሻል ይመስለኛል።»

ነገሩ ቢያስቀኝም ሳቄን ዋጥሁት። ይህን ያህል መጽሐፍ አንብቦ ፈተናውን ሁሉ ያለፈ ልጅ፥ ለሥራው የሚጠቅሙ ሰዎችን የሚያገኝበትን ምሽት ስለ ጥቂት ብረት ሊያስቀር መነሣቱ አሳዘነኝ።

ወዲያውም አንድ ሌላ ወጣት ትዝ አለኝ። ይህኛው ጥቂት ዓመታት በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ነው። በመጣ በሳምንቱ ወላጆቹ ዶሮ አርደው፥ ጐረቤት ጠርተው፥ መሶቡ ቀርቦ ሁሉም እጁን ሲታጠብ እርሱ ሹካ ይምጣልኝ አለ። ሹካው መጣለት። እንጀራውን በሹካ ሊጠቀልል ቢሞክር እየተበጣጠሰ፥ ወጡም ልብሱ ላይ እየተንጠባጠበ ሲቸገር አባትየው ያዘጋጁትን ጉርሻ በአየር ላይ እንደ ያዙ ቀሩና «ልጄ፥ እንግዲህ አንተን በምን ላጉርስህ?» አሉት። እናትየው ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዞሩ። ያን ቀን ከነበሩት ጐረቤቶች አንዱ እኔ ነበርሁ፤ የሽማግሌው እጅ ከነጉርሻው ወደ መሶቡ ሲመለስ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሁለቱን ወጣቶች ባንድነት ሳስባቸው ሕመማቸው አንድ ዐይነት ሆኖ ይታየኛል። አንደኛው ሹካን እንደ ዳኛ ይፈራዋል፤ ሁለተኛው እንደ ዲፕሎማ ይመካበታል። ሹካ ግን ከየት መጣ፥ ለምን ተሠራ፥ ያመጡትስ ሰዎች እንዴት ተቀበሉት ብለው ሁለቱም አልጠየቁም። ስለዚህ ለዘመዴ ያን ማታ የነገርሁትን አንባቢዎቼም ቢሰሙት ብዬ እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ። (ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ የሰው መመገቢያው እጁ ነው። እጅ ከማንኛውም መሣሪያ የሚበልጥበት ነገር አለው፤ ይኸውም ምግቡ አፍ ከመድረሱ በፊት መሞቁን ወይም መብረዱን፥ አጥንት ወይም እሾህ ያለበት መሆኑን ቀድሞ ያውቃል። በሕንድ፥ በዐረብ አገሮችና በብዙው የአፍሪካ ክፍል ዛሬም በእጅ ይበላል። በእጅ የሚበላ ሕዝብ ደንብ የለውም የሚል ሰው ካለ ግን አላስተዋለም። በቀኝ እጅ ብቻ መብላት፥ ከጣት ጫፍ አልፎ መዳፍን አለመነካካት፥ ከራስ ፊት ለፊት መቍረስ፥ ታላቅ ሳይጀምር አለመጀመር፥ በገበታ ላይ ጣትን አለመላስ፥ እነዚህ ሁሉ ሕፃን ልጅ በቍጣና በቁንጥጫ የሚማራቸው ሕጎች ናቸው። በእኛም ቤት ኩስኩስቱና ማስታጠቢያው ከምግቡ በፊት ይዞራል፤ ከምግቡም በኋላ ይመለሳል። ውሃ የሚያስታጥበው ከቤቱ ልጆች አንዱ ነው፤ ለታላቅም ጐንበስ ብሎ ያፈስለታል። ይህ ሥርዐት ያለው ገበታ ሹካ ስለሌለበት ብቻ ከሠለጠነ ገበታ ቍጥር ሊወጣ አይችልም።

ከእጅ ቀጥሎ በዕድሜ ታላቁ ማንኪያ ነው። ውሃና ሾርባ በጣት አይያዝምና ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚቀዳበትን ነገር ፈልጓል። መጀመሪያ የተገለገለበት ከባሕር ዳር የለቀመውን ዛጐል፥ ከእንጨት የተፈለጠውንም ስንጣሪ ይመስላል። ይህን ከቋንቋዎቹ ማየት ይቻላል፤ ሮማውያን ማንኪያን የሚጠሩበት ቃል ከቀንድ አውጣ ቅርፊት ስም የወጣ ሲሆን፥ የዛሬው ፈረንሳይኛ ስምም ከዚያው የተወለደ ነው። እንግሊዞች ስፑን የሚሉት ቃል ደግሞ በጥንቱ ቋንቋቸው የእንጨት ፍላጭ ማለት ነበር። አንዱ ሕዝብ በባሕር ዳር፥ ሌላው በጫካ ውስጥ ማንኪያውን ሲያገኝ እናያለን።

በእኛ አገር ማንኪያ ከፍ ያለ ቦታ አለው። በቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴ ላይ ሥጋው በካህኑ እጅ ሲሰጥ ደሙን ዲያቆኑ የሚያቀብለው በዕርፈ መስቀል ነው፤ ይኸውም እጀታው መስቀል ያለበት ማንኪያ ነው። ዕርፍ የሚለው ቃል በአማርኛ ገበሬው ሲያርስ የሚጨብጠው የማረሻ እጀታ መሆኑን ከገጠር የመጣ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ማንኪያ ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመናዊ ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር ቅዳሴ ጠዋት ተነሥቶ ቢያስቀድስ መልሱን ያገኛል። ከዚህም ሌላ በጓዳ ውስጥ ጭልፋውና ማማሰያው፥ በጉራጌ አገር ደግሞ ክትፎ የሚበላበት ከቀንድ የተሠራው ማንኪያ አለ። የቀንድ ማንኪያ አፍን አያቃጥልም፤ የብረት ጣዕምም ወደ ምግቡ አያመጣም። በእኔ አስተያየት ለብ ያለ ቅቤ ለጠጣ ክትፎ ከብር ማንኪያ ይልቅ ይሻላል።

የሹካ ታሪክ ግን የተለየ ነው፤ ሹካ ወደ ገበታ የቀረበው በስድብና በሣቅ መካከል አልፎ ነውና።

በመጀመሪያ ሹካ የማዕድ ቤት መሣሪያ ነበር። መጽሐፈ ሳሙኤልን ያነበበ ሰው የካህኑ የዔሊ ልጆች ያደርጉት የነበረውን በደል ያስታውሳል። ሕዝቡ የመሥዋዕቱን ሥጋ ሲቀቅል የካህኑ ብላቴና ሦስት ጣት ያለው ሜንጦ ይዞ ይመጣና ወደ ድስቱ ይሰድደው ነበር፤ ሜንጦው ያወጣውንም ሁሉ ካህኑ ለራሱ ይወስደው ነበር። ሜንጦው ከድስት ሥጋ ማውጫ እንጂ መጕረሻ አልነበረም። ሮማውያንም ሹካ የሚሉበት ቃል ድርቆሽ የሚገለበጥበትን መንሽ የሚጠሩበት ነው። የእኛ ሹካ ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ስም ነው፤ ዐረቦች ሻውካ ሲሉ ሹካንም እሾህንም ማለታቸው ነው። ቃሉም ሦክ ለሚለው ለግእዙ፥ እሾህ ለሚለው ለአማርኛችን ዘመድ ነው። ስለዚህ ሹካ የምንለው ነገር በስሙ እሾህ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም።

ሹካ ከማዕድ ቤት ወደ መብል ጠረጴዛ የወጣው በምሥራቅ፥ በቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት አካባቢ ነው። ከዚያም በ11ኛው መቶ ዓመት አንዲት የቁስጥንጥንያ ልዕልት ወደ ቬኒስ ከተማ ተድራ ስትሄድ የወርቅ ሹካዋን ይዛ ሄደች። በ1072 የሞተው ጴጥሮስ ዳምያኒ የተባለው የሮማ ቤተ ክርስቲያን አባት ስለዚች ሴት በብዙ ተግሣጽ ጽፎአል። ምግብዋን በጣትዋ አትነካም፤ ጃንደረቦችዋ ቈራርጠው ሲያቀርቡላት በወርቅ ሹካ እያነሣች ወደ አፍዋ ታደርሳለች ብሎ ከሰሳት። በኋላም በክፉ ደዌ መሞትዋን የትዕቢትዋ ዋጋ አድርጎ ቈጠረው። በዚያ ዘመን የአውሮፓ መነኰሳት ዐይን በሹካ መብላት የኃጢአት ያህል ነበር ማለት ነው። ዛሬ በእጅ መብላትን እንደ ነውር የሚቈጥር ወጣት ይህን ቢያውቅ ምን ይል ይሆን?

ከዚያ በኋላ ኢጣልያኖች ቀስ በቀስ ለመዱት። ትኵስና የሚያዳልጥ ፓስታ የሚበላ ሕዝብ ሹካን መውደዱ አያስደንቅም። ሌላው አውሮፓ ግን ገና በጣቱና በካራው ነበር። በ1608 ቶማስ ኮርያት የሚባል እንግሊዛዊ መንገደኛ ኢጣልያ ደረሰና ሰዎቹ ሥጋቸውን በትንሽ ሹካ ይዘው ሲቈርጡ አየ። ምክንያቱን ሲጠይቅ፥ የሰው ሁሉ ጣት እኩል ንጹሕ ስላይደለ ከገበታው ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ሰው ይጠላል አሉት። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም በሹካ መብላቱን አልተወም፤ በ1611 ባሳተመው የጕዞ መጽሐፍም ይህንኑ ተረከ። ወዳጆቹ ግን ሣቁበት። ከእነርሱ አንዱ ፉርኪፈር የሚል የላቲን ቅጽል አወጣለት፤ ቃሉን በቁሙ የተረጐመው ሰው ሹካ ተሸካሚ ይለዋል፤ በሮማውያን ዘመን ግን ለወስላታ ባሪያ የሚሰጥ ስድብ ነበር። በፈረንሳይም እንዲሁ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛና ባለሟሎቹ በሹካ ይበላሉ ተብሎ ከሞተ በኋላ የሚያፌዝ መጽሐፍ ወጣበት።

ሼክስፒር ተውኔቶቹን ሲጽፍ እንግሊዞች በጣታቸው ይበሉ ነበር። ተማሪዎቻችን ሐምሌትን ሲያነቡ ይህንንም ቢያስቡት መልካም ነው። በእንግሊዝ አገር ሹካ በብዙ ሰው ቤት የተለመደው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። መጀመሪያ ሁለት ቀጥ ያሉ ጣቶች ብቻ ስለ ነበሩት ሥጋ ወግቶ ከመያዝ በቀር አተርና ሩዝ አያነሣም ነበር፤ በመካከሉ ሁሉ ይወድቃል። ስለዚህ ሦስተኛ፥ በኋላም አራተኛ ጣት ተጨመረለት፤ እንደ ማንኪያም ጥቂት ጐበጥ ተደረገ። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ሹካ ከማንኪያና ከመንሽ የተወለደ ዲቃላ ነው።

ካራ በበኩሉ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራ እንግዳ ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተጋበዘ ሰው ካራውን ከወገቡ ይዞ ይመጣ ነበር፤ በዚያው ካራ ይቈርጣል፥ በጫፉም ወግቶ ይጐርሳል፥ ጥል ቢነሣም ካራው ከእጁ አልራቀም። ስለዚህ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1669 ጫፉ የሾለ ካራ እንዳይያዝ አዘዘ። የዛሬው የገበታ ቢላዋ ጫፉ የደነዘና ክብ የሆነው ከዚያ ወዲህ በተስፋፋው ልማድ ነው። ሹካ ካለ በካራ ጫፍ መውጋት አያስፈልግምና ሁለቱ ነገሮች ተጋግዘዋል። በእኛ ዘንድ ግን ጥሬ ሥጋ የሚበላበት ካራ ስለቱም ጫፉም እንደ ነበረ ነው። ዛሬም በየሥጋ ቤቱ ቍርጥ ያዘዘ ሰው ሁሉ የየራሱ ቢላዋ ይሰጠዋል። ሥጋውን በግራ እጁ ወጥሮ፥ ጫፉን በጥርሱ ይዞ፥ ከከንፈሩ አጠገብ ሲቈርጥ ያየ የውጭ አገር ሰው አፍንጫው እንዳይሄድ ይሳቀቃል። ይህን ጥበብ የሚያውቅ ወጣት ከደነዘ የቅቤ ቢላዋ ፊት መንቀጥቀጡ ያስቃል፤ ለዘመዴም ይህንኑ ነግሬዋለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ሩቅ ምሥራቅ እንለፍ። ቻይናዎች፥ ጃፓኖች፥ ኮርያዎችና ቬትናሞች የሚበሉት ቾፕስቲክ በሚባሉት ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ነው። በቻይና አገር አንያንግ በተባለው ስፍራ፥ የሻንግ ነገሥታት መቀመጫ በነበረው ፍርስራሽ ውስጥ፥ ሦስት ሺህ ዓመት ያለፋቸው የነሐስ ዘንጎች ተገኝተዋል። በመጀመሪያ ከድስት ማውጫና ማማሰያ ነበሩ፤ ልክ እንደ ሹካ እነርሱም ከማዕድ ቤት ወደ ገበታ የወጡ ናቸው። በቻይና ማዕድ ቤት ሥጋውና ቅጠላ ቅጠሉ ሁሉ ከመብሰሉ በፊት በትንንሹ ይከተፋል፤ እንዲህ ሲሆን ቶሎ ይበስላል፥ ማገዶም ይቈጥባል። የተከተፈ ምግብ ከቀረበ በኋላ በገበታ ላይ ካራ ምን ያደርጋል? ወግቶ የሚይዝ ሹካስ ለምን ያስፈልጋል?

ስለ ስሙም የሚያስቅ ነገር አለ። በጥንት ጊዜ ቻይናዎች ዘንጎቹን ዡ ይሏቸው ነበር። ነገር ግን ይህ ድምፅ «መቆም» ከሚል ሌላ ቃል ጋራ አንድ ስለ ሆነ መርከባችን እንዳይቆም ብለው የፈሩ ባሕርተኞች «ፈጣን» ከሚለው ቃል የተገኘ ሌላ ስም አወጡላቸው። ዛሬ ቻይናው ሁሉ ኳይዙ የሚለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሦስቱ አገሮች አንድ ዐይነት ዘንግ የያዙ ቢመስለንም ልዩነት አላቸው። የቻይናው ረዥምና ጫፉ ድልዱም ነው፤ ብዙ ሰው ከአንድ ትልቅ ገበታ ከመካከል ያነሣልና እጅ ማርዘም ያስፈልገዋል። የጃፓኑ አጠር ያለና ጫፉ የሾለ ነው፤ ዓሣ ሲበሉ እሾሁን ለመልቀም ይመቻል። ኮርያዎች ደግሞ የብረት ዘንግ ይወዳሉ፤ ሩዛቸውንና ሾርባቸውን ግን በማንኪያ ይበላሉ። አያያዙም ይህ ነው፦ የታችኛው ዘንግ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መጋጠሚያ ላይ ተኝቶ ሳይነቃነቅ በቀለበት ጣት ላይ ያርፋል፤ የላይኛው እንደ እርሳስ ተይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። የሚሠራው የላይኛው ብቻ መሆኑን ያልተረዳ ሰው ሁለቱንም ሲያወናጭፍ ያመሻል።

ዛሬ ብዙ ወጣቶቻችን ለትምህርትና ለሥራ ወደ ቻይናና ወደ ጃፓን ስለሚሄዱ ሁለት ነገር እንዲጠነቀቁ እመክራለሁ። ዘንጎቹን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ ተክሎ መተው አይገባም፤ ለሞተ ሰው የሚተከለውን ዕጣን ይመስላልና። በጃፓንም ከአንድ ሰው ዘንግ ወደ ሌላው ሰው ዘንግ ምግብ ማቀበል ክልክል ነው፤ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ዘመዶች አጥንቱን የሚቀባበሉት እንደዚያ ነውና። ጉርሻ የለመደ ኢትዮጵያዊ በቸርነት ይህን ቢያደርግ የገበታው ሰው ሁሉ ይደነግጣል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆኑን የታይላንድ ሰዎች ይመስሉኛል። ቀድሞ በእጃቸው ይበሉ ነበር። ንጉሥ ቹላሎንግኮርን በነገሡበት ከ1868 እስከ 1910 ባለው ዘመን የአውሮፓ የገበታ ዕቃ በቤተ መንግሥቱ ተለመደ፤ በኋላም ወደ ሕዝቡ ወረደ። ታይላንዶቹ ግን እንዳለ አልገለበጡትም። ምግባቸው በማዕድ ቤት ተከትፎ ስለሚቀርብ ቢላዋውን ተዉት፤ ማንኪያውን በቀኝ፥ ሹካውን በግራ ያዙ። ሹካው ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል እንጂ አፍ ውስጥ አይገባም። በሹካ የሚጐርስ ሰው በእነርሱ ዘንድ እኛ ዘንድ በቢላዋ እንደሚጐርስ ሰው ይታያል። በውኃ ተንፍቶ በእንፋሎት የሚበስለውን፥ እጅ ላይ የሚጣበቀውን ሩዝ ግን አሁንም በጣታቸው ይበሉታል። ዕቃውን ለምግባቸው አስገዙት ማለት ነው።

እንግዲህ እንጀራን በዚህ ዐይን እንመልከተው። እንጀራ ሳህን ነው፤ ወጡ የሚፈሰው በእርሱ ላይ ነው። ማንኪያም ነው፤ ዐይኑ ወጡን እንደ ስፖንጅ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ምግብ ነው፤ ከበሉ በኋላ የሚታጠብ ሳህንም ማንኪያም አይተርፍም። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያንም ሳህን ሳይለምዱ በፊት ሥጋቸውን በደረቀ ዳቦ ቍራሽ ላይ ያኖሩ ነበር፤ መረቁ የገባበትን ዳቦ ሲያበቁ ለድኾች ይሰጡት ነበር። እነርሱ ያንን ትተው ሳህን ሲያበጁ የእኛ እናቶች ምጣዱን አሻሽለው እዚህ አደረሱት። እንጀራን በሹካ መብላት ሾርባን በጣት እንደ መብላት ያለ ነው፤ የሚያስነውር ነገር ባይሆንም አይመችም።

ለሚገባው ምግብ ግን አገራችን የራስዋን ሹካ አላጣችም። በትግራይ፥ በቀድሞው አጋሜ አውራጃ፥ ጥሕሎ የሚባል ምግብ አለ። የገብስ በሶ ተለውሶ በትንንሹ እየተድበለበለ ይቀርባል፤ በላተኛውም እያንዳንዱን ድብልብል ጣቶች ባሉት በተጠረበ እንጨት ወግቶ ወጥ ውስጥ እየነከረ ይጐርሳል። የአጋሜ ገበሬ በሹካ መብላትን ከማንም አውሮፓዊ አልተማረም፤ ምግቡ አስተማረው እንጂ።

ዘመዴ እስከዚህ ድረስ በደስታ ሰማኝና «ጋሼ፥ ታሪኩ መልካም ነው፤ ግን ዐርብ ማታ ምን ላድርግ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ወደ ተግባሩ ገባን፤ ከባለቤቴ መሳቢያም ማንኪያና ሹካ አውጥተን ጠረጴዛ ላይ ደረደርን።

ያ ሁሉ ብረት የሚደረደረው ምግቡ በየተራ ስለሚመጣ ነው። ቀድሞ በአውሮፓ ምግቡ ሁሉ አንድ ጊዜ ተዘርግቶ ይቀርብ ነበር። በ1810 ገደማ በፓሪስ የሩስያ አምባሳደር የነበረው ልዑል ኩራኪን በአገሩ ደንብ አንዱ ሲነሣ ሌላው እየቀረበ ማብላት እንደ ጀመረ ይነገራል፤ ልማዱም በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ በሁሉ ስፍራ ተስፋፋ። ለእያንዳንዱ ተራ የየራሱ መሣሪያ ስለሚያስፈልገው በቅደም ተከተል ከውጭ ወደ ውስጥ ይደረደራል። እንግዲህ ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ከሳህኑ እጅግ የራቀውን አስቀድመህ አንሣ። በስተ ቀኝ ዳር ክብ ማንኪያ ካለ ሾርባ ይመጣል። ስለት የሌለው ሰፋ ያለ ቢላዋ ካለ ዓሣ አለ ማለት ነው። ከሳህኑ በላይ አግድም የተኙት ትንንሾቹ የጣፋጩ ናቸው። ዳቦው በግራህ ያለው፥ ብርጭቆው በቀኝህ ያለው ያንተ ነው፤ ይህን የሳተ ሰው የጐረቤቱን ዳቦ በልቶ ገበታውን ሁሉ ያናጋል።

ሹካ በግራ፥ ቢላዋ በቀኝ ይያዛል፤ አሜሪካኖች ግን ከቈረጡ በኋላ ቢላዋውን አስቀምጠው ሹካውን ወደ ቀኝ እጅ ያዛውራሉ። ሁለቱም ትክክል ነውና በዚህ የሚስቅብህ ሰው ራሱ አያውቅም ማለት ነው። ሁሉን አንድ ጊዜ አትከትክት፤ የምትጐርሰውን ያህል ብቻ ቍረጥ። ሾርባ ሲጠጣ ማንኪያው ከራስ ወደ ፊት ይቀዳል፤ አይፉፏም። ዳቦ በእጅ ይቈረሳል እንጂ በቢላዋ አይቈረጥም፤ እዚህ ላይ እንኳ እጅ ሥልጣኑን አለቀቀም። ለማረፍ ስትፈልግ ሹካና ቢላዋውን ሳህኑ ላይ ለያይተህ አስቀምጥ፤ ስትጨርስ አንድ ላይ ጐን ለጐን አስተኛቸው። አሳላፊው ይህን ዐይቶ ሳህኑን ያነሣል ወይም ይተዋል። ወሬ ይዞት ሁለቱን ጐን ለጐን ያስተኛ ሰው ያልበላው ጥብስ ከፊቱ ሲወሰድበት አይቻለሁ። ሹካ ቢወድቅብህ ጐንበስ ብለህ አትፈልገው፤ ሌላ ይምጣልኝ በል። ምናልባትም ሎሚ የተቈረጠበት ውሃ በትንሽ ሳህን ቢመጣልህ ሾርባ እንዳይመስልህ፤ ጣት መንከሪያ ነው። የእኛው ማስታጠቢያ ነው ብትል ይቀልሃል።

ስለ ዕቃው ጥራትም ጠየቀኝ፤ ቤት ሊያደራጅ ነውና። ቀድሞ ሀብታሞች ብር የሚገዙት ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ተራው ብረት ሎሚና ኮምጣጤ ሲነካው ይዝጋል፥ ዓሣውንም ያበላሻል፤ ለዓሣ ልዩ የብር ቢላዋ የተበጀውም ስለዚህ ነው። ብርም በበኩሉ ዕንቍላል ሲነካው በውስጡ ባለው ድኝ ምክንያት ይጠቍራል። ይህን ችግር የፈታው በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ የነበረው ሃሪ ብሬርሊ ነው። በ1913 ቶሎ የማይበላ የጠመንጃ አፈሙዝ ሲፈልግ ክሮምየም የተጨመረበት የማይዝግ ብረት አገኘ፤ ጥቂት ቈይቶም ብረቱ የገበታ ቢላዋ ሆነ። ዛሬ ማንኪያ ስትገዙ ከእጀታው ጀርባ 18/10 የሚል ብታገኙ ከመቶ 18 እጅ ክሮምየም፥ 10 እጅ ኒኬል አለበት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ማንኪያ ማግኔት እምብዛም አይስበውም። የቢላዋው ስለት ግን ስል ሆኖ እንዲቈይ ከጠንካራ ሌላ ብረት ስለሚሠራ ማግኔት ቢይዘው አትደነቁ።

ዘመዴ ግብዣው ላይ ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ገና ቡናው ሳይፈላ መጣና ፊቱ በርቶ ሲያወራኝ አረፈደ። ከውጭ ወደ ውስጥ እያለ ሁሉንም በተራው አንሥቷል፤ ስለ ሥራውም ከእንግዶቹ ጋራ ብዙ ተነጋግሯል። «ግን አንድ ነገር አስገረመኝ» አለኝ። «አጠገቤ የተቀመጡት የውጭ አገር ሰው ትልቅ ባለ ሥልጣን ናቸው። ሾርባው ሲመጣ እኔ ማንኪያዬን እስካነሣ ድረስ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ዓሣው ሲመጣም እንዲሁ። በሦስተኛው ጊዜ ገባኝ፤ ለካ እኔን እያዩ ነው የሚያነሡት።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?» አልሁት።

«ቀስ ብዬ ማንሣት ጀመርሁ» አለኝ።